ቆቃን ማን ይጠጣዋል?

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የሰው ሠራሽ ሐይቅ ወሬ በየቡና ቤቱ ሞልቷል። በንጋት ሐይቅ ላይ ስለሚንሳፈፉት ጀልባዎች፣ በደሴቶቹ ላይ ስለሚሠሩት ሆቴሎች፣ ስለሚገኘው ዓሣ ብዛት የማያወራ የለም። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነውና ቢወራለትም አይበዛበትም። እኔም የሰውን ደስታ ለማደፍረስ አልተነሣሁም። ነገር ግን ንጋት ታላቅ ወንድም አለው። ስሙ ቆቃ ይባላል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ተኝቷል። ከስልሳ ዓመት በላይ መብራት ሰጥቶናል፣ ዓሣ አብልቶናል፣ እሑድ እሑድ አዝናንቶናል። እኛ ኢትዮጵያውያን ሐይቅ ከሠራን በኋላ እንዴት አድርገን እንደምንይዘው ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጉባ ድረስ መድከም የለበትም። ቆቃን አይቶ ይመለስ።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልናገር። ከተማችን ከቆቃ መብራትና መዝናኛ ትወስዳለች፤ በምላሹ ቆሻሻዋን ትልክለታለች። ያንን ውሃ በጀሪካን ቀድቶ ወደ ቤቱ የሚወስደው ደግሞ የሐይቁ ዳር ገበሬ ነው። ስለዚህ በቆቃ ዳርቻ ለሚኖሩ ቀበሌዎች ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ሳይገባ ለአንድም ተጨማሪ ሎጅ፣ ለአንድም ሪዞርት የመሬት ካርታ ሊሰጥ አይገባም ባይ ነኝ። ይህን ስል «ልማት ጠል» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበለኝ።

በቅድሚያ ይህ ሐይቅ እንዴት እንደተገኘ የሚያስታውስ ሰው እየጠፋ ስለሆነ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ለአምስት ዓመት አቃጥላ ከወጣች በኋላ፣ ኢትዮጵያ በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ላይ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር ከ760 ሺህ በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ እንድትከፍል የተወሰነባት ካሣ 25 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን፣ ለእኛ 25። ይህም አልበቃ ብሎ ዓመታት የፈጀ ክርክር ተደርጎ፣ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ስምምነት ገንዘቡ ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። የአንድ ነፍስ ዋጋ ስንት እንደ ወጣ ማስላት የሚወድ አንባቢ እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል፤ ሃያ አንድ ዶላር ግድም ነው። ከዚያ ከካሣው ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ። በ1952 ዓ.ም. ተርባይኖቹ መዞር ጀመሩ። አዋሽ ወደ ኋላ ተገፍቶ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ ሸፈነ። ንጉሠ ነገሥቱም በአጠገቡ ማረፊያ ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ሐይቁም ገሊላ የሚል መጽሐፍ ቅዱሳዊ ስም ወጣለት።

እንግዲህ ቆቃ ከመብራት ኃይል ማመንጫነቱ በፊት የደም ካሣ ነው። በእኛ ባህል የደም ካሣ እንዴት እንደሚያዝ ሽማግሌዎች ያውቁታል። ለሟች ወገን ይሰጣል እንጂ ሜዳ ላይ አይጣልም። እኛ ግን ከተቀበልነው በኋላ ከየት እንደመጣ ረሳነው። ዛሬ በአዲሱ ፈጣን መንገድ ከሞጆ ወደ መቂ የሚበር ባለ መኪና ሐይቁን በመስኮት አይቶ «እንዴት ያምራል!» ይላል እንጂ ከውሃው ሥር ማን እንዳለ ትዝ አይለውም።

ከውሃው ሥር ደግሞ ሌላም ሰው አለ። ሜዳው ባዶ አልነበረም። የጂሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎችና ገበሬዎች የግጦሽና የእርሻ መሬት ነበር። ለአንደኛው ወገን ካሣ ሲከፈል ሌላው ወገን ከመሬቱ ተነሣ። የዛሬው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የሚፈናቀሉ ሰዎች ካሣ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። መልካም ቃል ነው። ለእነዚያ አባወራዎች ግን አንቀጹ ሠላሳ አምስት ዓመት ዘግይቶ መጣ። ውሃው ገፍቶ ያወጣቸው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው እንግዲህ ዛሬ በዳርቻው ጀሪካን ይዘው የሚታዩት።

«ቆቃ እኮ ጊዜው አልፎበታል» የሚል ክርክር በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። የተማሩ ሰዎች ናቸው የሚሉት። «43 ሜጋ ዋት ምን አላት? ሕዳሴ ብቻውን ከ5 ሺህ በላይ ያመነጫል። ቆቃን ለቱሪዝም እንልቀቀው፣ ባለ ሀብት ይግባበት፣ ሥራ ይፈጠር» ነው ነገሩ። ሒሳቡ ትክክል ይመስላል። ግን ጎዶሎ ነው። በመጀመሪያ ቆቃ 43 ሜጋ ዋት ብቻ አይደለም። ከቆቃ የሚለቀቀው ያው ውሃ ዝቅ ብሎ በአዋሽ ሁለተኛና በአዋሽ ሦስተኛ ጣቢያዎች እንደገና ይሠራል፤ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ የቆቃ ዋና ሥራ መብራት መስጠት ብቻ ሳይሆን አዋሽን ማስታገሥ ነው። የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ለበጋ ያቆያል። የወንጂም ሆነ የመተሐራ ሸንኮራ በበጋ የሚጠጣው ይህንኑ የተቆጠበ ውሃ ነው። በሻይህ ውስጥ የምትጨምረው ስኳር፣ አንባቢ ሆይ፣ በቆቃ በር በኩል ያለፈ ነው ማለት ይቻላል። ሐይቁ ሞልቶ ውሃ ሲለቅ ምን እንደሚሆንም በ2012 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ አይተናል፤ ከታች ያሉት የምሥራቅ ሸዋና የአፋር ወገኖቻችን ቤታቸው በጎርፍ ተወሰደ። ይህን ሁሉ የሚሠራ ሐይቅ ጡረታ ወጥቶ ሎጅ ብቻ ይሁን ማለት፣ የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ ለመጋረጃ መስቀያ እንደ መጠቀም ነው።

አዋሽን ማስታገሥ የሚችለው ግን ሆዱ ባዶ ሲሆን ነው። የቆቃ ሆድ ደግሞ በደለል እየሞላ ነው። ከግድቡ ሥራ ወዲህ በየጊዜው የተደረጉት ልኬቶች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ከደጋው ታጥቦ የሚመጣው አፈር ለውሃ የተቆፈረውን ቦታ ይዞታል። የበቾ አርሶ አደር ማሳ ነው ሐይቁ ውስጥ ገብቶ የተኛው። ይህ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም፤ የአባ ሳሙኤልን ታሪክ ማየት ይበቃል። ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤል የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። 6 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደለልና በቸልታ ምክንያት ሥራ አቆመ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ዕርዳታ እንደገና ተነሣ። አባት የሠራውን ልጅ ቀበረው፤ የልጅ ልጅ በሰው ገንዘብ አስወጣው። ከዚህ የተማርነው ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ካለ እሰማለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። አዲስ አበባ ላይ የምትኖር ሰው እስቲ አንድ ጊዜ ቆም በልና ከቤትህ የሚወጣው ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ አስብ። ከእንጦጦ የሚወርደው ቀበና፣ በከተማው መሐል የሚያልፈው ባንት ይቀጡ፣ ሌሎቹም ጅረቶች ሁሉ የቤቱን፣ የጋራዡን፣ የሆስፒታሉን፣ የፋብሪካውን ጣጣ ይዘው አቃቂ ይገባሉ። አቃቂ አባ ሳሙኤል ይገባል። ከአባ ሳሙኤል አዋሽ፣ ከአዋሽ ቆቃ። በዚህ ላይ የሞጆ ወንዝ የሞጆን ከተማና የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይዞ በሌላ በኩል ይመጣል። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም የተባለ ማዕድን ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም፤ ከፋብሪካ የሚወጣውን ውሃ ቀለም ያየ ሰው ልጁን አያጥብበትም። ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያና ከአበባ እርሻዎች የሚወርደው ኬሚካልም ይጨመርበት። ቆቃ የዚህ ሁሉ መጠራቀሚያ ነው። 

እንግዲህ የዚህ ምግብ የሞላበት፣ የሞቀና የረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ነገር በደንብ ይበቅላል። በዓይን ሲያዩት አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ ይመስላል። ሳይንቲስቶቹ ማይክሮሲስቲስ ይሉታል። ከውስጡ የሚወጣው መርዝ ማይክሮሲስቲን የሚባለው ነው፤ ጉበት የሚያጠቃ መርዝ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ሊኖር የሚችለውን መጠን በሊትር 1 ማይክሮ ግራም ብሎ ወስኗል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች አብረው ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ቆቃን ከዚህ መጠን በብዙ እጥፍ በልጠው ከተገኙት ሐይቆች ግንባር ቀደም አድርጎ አስቀምጦታል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አልጀዚራ «አረንጓዴው ሐይቅ» ብሎ በቴሌቪዥን ለዓለም አሳይቶታል። ዓለም አየ። እኛም አየን። ለጥቂት ሳምንት ተነጋገርንና ወደ ሌላ ወሬ ዞርን።

በሐይቁ ዳር አንዲት እናት ውሃ ሲቀዱ አግኝቼ አነጋግሬያቸው ነበር። ከውሃው ላይ አረንጓዴውን በጣሳ ገለል እያደረጉ ነው የሚቀዱት። «እማማ፣ ይህን ትጠጡታላችሁ?» አልኳቸው። «ምን እናድርግ ልጄ፤ ሌላ የለም። ግን አፍልተን ነው። የጤና ሰዎች አፍሉት ብለውናል» አሉኝ። ምክር ሰጪው ክፉ አስቦ አይደለም። ለኮሌራ፣ ለተቅማጥ ማፍላት ፍቱን ነው። ማይክሮሲስቲን ግን በመፍላት አይጠፋም። ተኅዋሱ ሲሞት መርዙ ውሃው ውስጥ ይቀራል። እኚያ እናት እንጨት ለቅመው፣ እሳት አንድደው፣ ልጆቻቸውን ከበሽታ አዳንኩ ብለው በእምነት የሚያጠጡት ውሃ ያው ነው። እኔ ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ነገር የለም። ምን ይባላል?

«ታዲያ ለምን ይጠጣሉ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ የከተማ ሰው አለ፤ ጠርሙስ ውሃ በእጁ ይዞ። ለጥያቄው ይህን ያህል መልስ ይበቃዋል፤ ስለሚጠማቸው።

ዓሣውንም ልንረሳው አይገባም። ቆሮሶው፣ ዓምባዛው፣ ዱባው ከቆቃ ወጥቶ መንገድ ዳር ይጠበሳል፤ አዲስ አበባም ድረስ ይመጣል። ሥጋውን በልቶ የሚሞት ሰው አለ ብዬ ሽብር መንዛት አልፈልግም። መርዙ በይበልጥ የሚከማቸው በጉበቱና በሆድ ዕቃው ነው፤ ደህና አድርጎ ያጸዳ ይጠቀማል። ይህን ግን ለዓሣ አጥማጁም ሆነ ለበላተኛው ማን ነገረው? ሐይቁ በየወሩ ምን ያህል መርዝ እንዳለው በዳርቻው ላይ በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ቢኖር ስንት ብር ይፈጃል? የሎጁን ማስታወቂያ ለመስቀል የሚወጣውን ያህል እንኳ አይሆንም።

ሌላው የሐይቁ ዳር ሰው ዕዳ ወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ቆቃ ዙሪያ ያሉ ሰዎችን የወባ በሽታ ቆጥሮ ነበር። ከሐይቁ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ርቀው የሚኖሩት፣ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ የታመሙት 2.3 እጥፍ ነው። ውሃው ሲሸሽ በዳርቻው የሚቀሩት ኩሬዎች ናቸው ትንኝ የሚፈለፍሉት። ተመራማሪዎቹ አንድ ቀላል ነገርም ደርሰውበታል፤ የሐይቁ ውሃ በፍጥነት ዝቅ ሲደረግ የትንኝ እጭ ይቀንሳል። ይህ ማለት የግድቡ በር ከፋች የሐኪም ሥራም መሥራት ይችላል ማለት ነው። በሩን መቼና እንዴት እንደሚከፍት የሚወስነው መሥሪያ ቤት ግን የሚያየው ሜጋ ዋቱን ነው። የሸንኮራ እርሻውም ድምፁን ያሰማል። የወባው ታማሚ ግን በዚያ ስብሰባ ላይ ወንበር የለውም።

እንቦጭንም እንመልከት። እንቦጭ ጣናን ወረረ ሲባል አገር በሙሉ ተነሣ፤ ተማሪው፣ ዘፋኙ፣ ባለ ሥልጣኑ እጀታውን ሰብስቦ ሐይቅ ገባ። ደግ አደረገ። ጣና ላይ እንቦጭ መታየቱ የተረጋገጠው በ2004 ዓ.ም. ነው። ቆቃ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ነው የታየው። በኢትዮጵያ ምድር እንቦጭ መጀመሪያ የተመዘገበው ቆቃና አዋሽ ላይ ነው። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ቆቃ ብቻውን ሲታገል ኖሮ፣ ነገሩ ጣና ሲደርስ ነው እንደ አዲስ የደነገጥነው። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ይላል ያገሬ ሰው፤ ይህን ያህል ዓመት ውሃ መውቀጣችን መሆኑ ነው። እንቦጭ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። የሚመገበው ያንኑ ከላይ የዘረዘርኩትን የከተማና የእርሻ ትርፍ ነው። ሥሩ ሳይደርቅ ቅጠሉን በማጨድ ብቻ ማን አሸንፎ ያውቃል?

ቆቃ እንደ ጣና ጯኺ ያላገኘው ለምን ይሆን? እኔ የሚመስለኝን ልናገር። ጣና ገዳማት አሉት፣ ታሪክ አለው፣ የዓባይ መነሻ ነው። በዓባይ ጉዳይ ደግሞ ባለጋራችን ውጭ ነውና ለመጮህ አይከብደንም። አዋሽ ግን ተወልዶ የሚሞተው እዚሁ ነው። ከጊንጪ ደጋ ተነሥቶ፣ ቆቃን አልፎ፣ አፋርን ተሻግሮ በአቤ ሐይቅ አካባቢ ይቀራል። ባሕር አያይም። ስለዚህ ካይሮን መውቀስ አይቻልም። የምንወቅሰው ራሳችንን ነው፤ ያ ደግሞ ለሰልፍ አይመችም።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት አንድ ተስፋ ነበር፤ ዛሬም ነው። መናፈሻዎቹ ያምራሉ፣ ፏፏቴዎቹ በማታ በመብራት ያበራሉ፣ ሙሽሮች ፎቶግራፍ ይነሡባቸዋል። ፕሮጀክቱን የምመዝንበት ሚዛን ግን መብራቱ አይደለም። የወንዝ ንጽሕና የሚለካው ከተማዋን ሲያቋርጥ ሳይሆን ከከተማዋ ሲወጣ ነው። አቃቂ አባ ሳሙኤልን አልፎ አዋሽ ሲገባ ቀድሞ ከነበረው ጠርቷል ወይ? ቆቃ ላይ አረንጓዴው ቀንሷል ወይ? ይህን የሚመልስ መረጃ በየወሩ ለሕዝብ ቢወጣ እኔ የመጀመሪያው አጨብጫቢ እሆናለሁ። ካልሆነ ግን ሳሎኑን ጠርገን ቆሻሻውን ጎረቤት በር ላይ አፍስሰናል ማለት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ ሞልቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ እንዳለው ይደነግጋል። ከመብራትም፣ ከሸንኮራም፣ ከአበባም፣ ከጀልባ ሽርሽርም በፊት ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በካዩን ተጠያቂ ያደርጋል። ሕገ መንግሥቱም ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። በወረቀት ላይ እኚያ ጣሳ የያዙት እናት ከፋብሪካውም ከሎጁም በፊት ባለ መብት ናቸው። ሜዳው ላይ ግን የመጨረሻዋ ተራ የእሳቸው ናት። ምክንያቱም የግድቡ በር የአንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ተፋሰሱ የሌላ፤ መሬቱ የክልሉ፤ ብክለቱ የአካባቢ ጥበቃ፤ ጤናው የጤና ቢሮ። ሁሉም አለ፤ ስትፈልገው ግን ማንም የለም። አንዱን ብትጠይቀው ወደ ሌላው ይመራሃል፣ ሌላው ወደ ወዲያኛው፤ ዞረህ ዞረህ ያው የመጀመሪያው በር ላይ ትደርሳለህ።

«የቆዳ ፋብሪካ ይዘጋ ትላለህ ወይ? የስንት ሺህ ሰው እንጀራ ነው!» የሚል ጥያቄም አለ። አይዘጋ። ፍሳሹን አጣርቶ ይልቀቅ፤ ማጣሪያውን ደግሞ ለጎብኚ ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊትም ያሠራው። የማጣሪያው ወጪ የምርቱ ወጪ አንዱ ክፍል ነው። እስከ ዛሬ ያልከፈለው እሱ ሆነ እንጂ ወጪውማ ተከፍሏል፤ የከፈለው የሐይቁ ዳር ሰው ጉበት ነው። ይህን ዓይነቱን ድጎማ ሕዝቡ መስጠቱን ሳያውቅ ነው የሰጠው።

የሎጁ ነገርም እንደዚሁ ነው። ባለ ሀብቱ መጥቶ በሐይቁ ዳር ቪላ ሲሠራ የመጀመሪያ ሥራው ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር ወይም ውሃ በቦቴ ማስመጣት ነው። ለምን? እንግዳው ከሐይቁ እንዲጠጣ ስለማይፈልግ ነው። መዋኛ ገንዳም ይሠራል፤ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ገንዳ! ከአጥሩ ውጭ ያለው መንደር ግን ከሐይቁ ይቀዳል። እንግዳ ለአንድ ቀን ሊጠጣው የማይገባ ውሃ፣ ሕፃን ልጅ ዕድሜ ልኩን እንዲጠጣው ፈቃድ የሰጠው ማን ነው? እኔ ሎጅ አይሠራ አላልኩም። ለአልጋው የተቆፈረው ጉድጓድ ለመንደሩም ይቆፈር፣ ያውም ቀድሞ ይቆፈር ነው ያልኩት። የመሬት ካርታው የሚፈረመው ቦኖው ውሃ መስጠት ከጀመረ በኋላ ይሁን።

ገንዘብ ከየት ይመጣል ይባል ይሆናል። ቆቃ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያመነጨው ኤሌክትሪክ በነጻ አልታደለም፤ እየተለካ ተሽጧል። ከዚያ ሽያጭ ለሐይቁ ዳርቻ ሕዝብ ተብሎ ስንት ሳንቲም እንደተመለሰ ሒሳቡ ይውጣ። በንጋት ሐይቅ ላይም ሆቴል ከመሠራቱ በፊት፣ ከላይ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ምን እንደሆነ፣ በዳርቻው የሚሰፍረው ሕዝብ ከየት እንደሚጠጣ፣ ውሃው በየስንት ጊዜ እንደሚመረመርና ውጤቱ የት እንደሚለጠፍ አሁኑኑ ይጻፍ። ንጋት ገና ልጅ ነው፤ ይደረስበታል።

ቆቃን በተመለከተ ግን የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። በዳርቻው ካሉት ቀበሌዎች መካከል የመጀመሪያው ቦኖ የሚቆመው በየትኛው ነው? በየትኛው በጀት ዓመት? ይህን ለመወሰን ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤትስ የትኛው ነው? ስሙ ይነገረን፤ የሚቀጥለውን ደብዳቤ ለእሱ እንጽፋለን።